አራተኛው ጠርሙስ

አክስቴን ፋብሪካው ውስጥ «ጉጉት» ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው እሷ ለብዙ ዓመት አልሰማችም ነበር። የሰማች ቀንም አልተቆጣችም፤ «ጉጉት የምታየው በጨለማ ነው፣ እኔ የማየው በመብራት ነው፤ ይሄን ስም ያወጣው ሰው ወፍ አያውቅም» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ስሙ የወጣላት ዓይኗን ሳታርገበግብ ጠርሙስ ስለምታይ ነው። ጉጉት ገድ የላትም የሚሉ አሉ፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን አሁን አሁን ስሙን ሲጠሩት አልወድም።

አባቴ ታናሽ ወንድሟ ነበር። እሱም እናቴም በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሞቱ ስድስት ዓመቴ ነው። እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ፤ ከዚያ ወዲያ እናቴም አባቴም እሷ ሆነች። አላገባችም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ቀኑን ሙሉ እንከን ስፈልግ እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ባል ፊት ላይም እንከን ልፈልግ?» ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔ ግን በዚያች ሁለት ክፍል ቤት አልጋዋን ለእኔ ለቃ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ አሥራ አንድ ዓመት እንደተኛች አውቃለሁ። ባል የሚገባበትን ቦታ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ፋብሪካው የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጠርሙስ አጣቢ ሆና ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እጇ ከሞቀ የሳሙና ውኃ አልወጣም፤ ጥፍሮቿ ዛሬም እንደ ወረቀት ስስ ናቸው። ከዚያ ወደ ፍተሻ ክፍል ተዛወረች፣ እያደር ኃላፊ ሆነች። እኔንም ትምህርቴን ስጨርስ፣ ገና ኃላፊ ሳትሆን፣ እዚያው አስገባችኝ። ሥራ ላይ እንደማንኛውም ሰው «እትዬ» እላታለሁ፣ ቤት ስንገባ አክስቴ ትሆናለች። የመጀመሪያ ቀን «በዚህ በር ስትገቢ ዝምድናውን ከኮትሽ ጋር ስቀዪው» ብላኝ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው። ፋብሪካው ለታመመ ሰው በደም ሥር የሚሰጠውን፣ ሰው በደፈናው ግሉኮስ የሚለውን ፈሳሽ በጠርሙስ ይሞላል። የተሞላው ጠርሙስ ወረቀት ሳይለጠፍበት መጀመሪያ ወደ እኛ ይመጣል። አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ እያንዳንዳችን ግድግዳ ግድግዳውን እያየን እንቀመጣለን። ከራሳችን በላይ መብራት አለ፣ ከፊታችን ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነ ሰሌዳ። ጠርሙሱን አንገቱን ይዘን ቀስ ብለን እንገለብጠዋለን፣ ለጥቁሩ አምስት ሰከንድ፣ ለነጩ አምስት ሰከንድ። የመስታወት ስባሪ፣ የጎማ ፍርፋሪ፣ ፀጉር የምታህል ክር ከታየ ወደ ቀዩ ሳጥን፤ ካልታየ ከኋላችን ወዳለው መደርደሪያ። ሃያ ደቂቃ ከታየ በኋላ ደወል ይደወላል፣ ሁላችንም አምስት ደቂቃ ዓይናችንን እንጨፍናለን። ያቺ አምስት ደቂቃ የሥራው አካል ናት። ዓይን እንደ እግር አይደለም፤ ሲደክመው ቁጭ በል አይልም። እንደተከፈተ ማየት ያቆማል፣ ባለቤቱም አያውቅም።

ለዚህም ነው በየወሩ የእኛው ዓይን የሚፈተነው። ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፈባቸው ስድስት ጠርሙሶች አሉ፤ ሆን ተብሎ እንከን የተከተተባቸው። ውስጣቸው ያለው ግሉኮስ አይደለም፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ነው። ከላይ ሲታዩ ከሌላው አይለዩም። መቀመጫቸው ላይ ብቻ በሞረድ ተጭሯል፤ አንደኛው ላይ አንድ ጭረት፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እያለ እስከ ስድስት። እትዬ ሳናውቅ ከሌላው ጋር ትቀላቅላቸዋለች። ከዚያ ከመደርደሪያው አጠገብ ንቅንቅ ሳትል ትቆማለች፤ ስድስቱም ተመልሰው እስኪቆለፍባቸው ድረስ ማንም ቢጠራት አትሄድም።

ከእሷ በፊት የነበረው ኃላፊ ከኋላችን የግድግዳውን ሰዓት እያየ የሚቆም ሰው ነበር። ብዙ ጠርሙስ ያሳለፈ ይመሰገናል፣ ያልቻለ ይሰደባል። እኛም ተማርን፤ ለመታየት ያህል ጥቂት ቀይ ሳጥን ውስጥ እንጥላለን፣ ሌላውን እናሳልፋለን። አክስቴ ኃላፊ የሆነች ቀን ሰዓቱን ከግድግዳ አወረደችው። ስድብም ምክርም አልጨመረችም። በሳምንቱ ጎረቤታችን የሆነችውን ነርስ ይዛ መጣች።

«እኛ ስንሰቅለው አናየውም» አለች ነርሷ። «ጊዜ የለንም። መርፌውን እናስገባለን፣ እንከፍታለን፣ ወደሚቀጥለው አልጋ እንሄዳለን። እናንተ አይታችሁታል ብለን ነው።»

አሥር ደቂቃም አልቆየች። እኛ ቀልደኛው የምንለው፣ አፉ ዘግቶ የማያውቅ ሰው «እኔ እኮ ትናንት ስለ ኳስ እያሰብኩ ሁለት መቶ ጠርሙስ አሳልፌያለሁ» አለ። የሳቀ የለም። አክስቴ ያኔ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለችንና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ልማድ አመጣች። ሥራ ስንጀምር በየተራ ከኋላችን ትቆምና የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስናነሣ «የማን ነው?» ትላለች። ጠርሙሱ ከቤታችን ሰው ላንዱ ይሰጥ ቢባል ለማን እንደምንሰጠው መልሰን ነው የምንጀምረው። «የልጄ።» «የአባቴ።» «የታናሽ እህቴ።» ቀልደኛው አንድ ሰሞን «የአማቴ» እያለ ሊያስቀን ሞከረ፤ እሷም «እንግዲያው ደህና አድርገህ እየው፣ ብትድን ነው የሚያዋጣህ» አለችው። ቀልደኛውም ከዚያ ወዲህ «የእናቴ» ማለት ጀመረ።

ሠራ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ እንደዚያ የሠራ ነገር አላየሁም። ቀዩ ሳጥን መሙላት ጀመረ፤ በፊት ከሺህ አሥር የማንጥል ሰዎች ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት መጣል ጀመርን። ማንም ሳያዘን ቀድመን እንገባለን፣ ሲደክመን እንናገራለን፣ ደወሉ ሲደወል ዓይናችንን እንደ ጸሎት እንጨፍናለን። አራት ዓመት አንድም ጠርሙስ ከሐኪም ቤት አልተመለሰብንም። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ደስ እያለኝ የሄድኩበት ዘመን ያ ብቻ ነው።

ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን የምለው ለእውነት ብዬ እንጂ ወድጄው አይደለም። አንድ ጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አየን፣ ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ሰው በዓላማ እንጂ በቁጣ አይሠራም፤ ይሄን ከእርስዎ ተማርኩ» አላት። በወሩ «የማን ነው?» የሚል በትልቁ ተጽፎ በመሙያው ክፍል፣ በማሸጊያው፣ በመጋዘኑ፣ በመኪና ማቆሚያው ሳይቀር ተለጠፈ። እሷንም በየክፍሉ እያዞረ እንድትናገር አደረጋት። ደስ ብሏት ነበር፤ ለምን አይላትም? በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ማን እንስማሽ ብሏት ያውቃል? እኔ ግን ጽሑፉን የጭነት መኪና በር ላይ ሳየው ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። እኛ ዘንድ ቃሉ «ደህና አድርገህ እይ» ማለት ነበር። መኪና ላይ ሲለጠፍ «ፍጠን» ሆነ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲበረታ በሽታ ገባ። የሚያስቀምጥና የሚያስታውክ፣ ጤነኛ የነበረውን ሰው በአንድ ቀን አድርቆ የሚጥል በሽታ ነው። መድኃኒቱ ያው የእኛ ጠርሙስ ነው፤ በጊዜ ከተሰቀለ ሰው ይነሣል፣ ካልተሰቀለ ይሞታል። ሥራ አስኪያጁ እኛ ክፍል መጥቶ መሐላችን ቆመ። እጥፍ እንድናደርስ ይፈለጋል አለ። «እኔ አላዝዛችሁም» አለ ቀጥሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።»

ደወሉን የዘጋው እሱ አይደለም። አክስቴ ናት። ወንበር ላይ ወጥታ ሽቦውን በገዛ እጇ ነቀለችው። «ለሰሞኑ ነው» አለች። «እኛ እዚህ ዓይናችንን ስንጨፍን እዚያ ዓይኑን የሚከድን ሰው አለ።» ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ቤት ውስጥ አየኋት። ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ቀዳች፣ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ድምፁን ሰምታ ነው ያቆመችው። መርፌ ክር ማስገባት ለእኔ ተወችልኝ። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ትወርዳለች። «ድካም ነው» ትላለች። እኔም የራሴን አውቃለሁ፤ ማታ ስተኛ ከዓይኔ ቆብ ሥር ጠርሙስ ይዞራል፣ ቀን ግን ጠርሙሱን አየዋለሁ እንጂ ውስጡን አላየውም።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ኬክ አስመጥቶ አስቆረሰን። ቀይ ሳጥናችን ውስጥ የሚወድቀው ከሺህ ስምንት ብቻ ሆኗል፣ የምርቱ ጥራት እንዲህ ሆኖ አያውቅም አለ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተቃቀፈ። እኔ ኬኩን ሳልቀምስ አስቀመጥኩት። ጠርሙሱ ያው ጠርሙስ፣ ማሽኑ ያው ማሽን፣ ከመፍጠኑ በቀር ምን ተለወጠ? እንከኑ አልቀነሰም፤ የሚያየው ጠፋ እንጂ።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ በነጋታው ሰው ፊት ነገርኳት። «እትዬ፣ ዓይናችን አያይም። ደወሉ ይመለስ።»

ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «አንቺ ከደከመሽ ግቢና ተኚ» አለችኝ። «ጠርሙስሽን እኛ እንከፋፈለዋለን።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሌላ የደከመው አለ?» አለች። አንድም ሰው ዞር አላለም። ማን ይላል? እዚያ ክፍል ውስጥ ደከመኝ ማለት እናቴ ትሙት ማለት ሆኖ ነበር። ቀልደኛው እንኳ ዓይኑ ፍም መስሎ «እኔ ድካም የሚባል ሰው አላውቅም፣ ዘመድሽ ከሆነ ሰላም በይው» አለኝ። ሳቁብኝ። የወርሃዊውን ፈተናም ለሰሞኑ ትተውታል፤ ጊዜ ይፈጃላ።

በዚያን ቀን ነው በራሴ ልፈትናቸው የወሰንኩት። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ቤታችን ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። በነጋታው ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ፣ ስድስቱን ጠርሙሶች አውጥቼ በስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ካሉት ጠርሙሶች መሐል አንድ አንድ አስገባሁ። አራተኛውን፣ ውስጡ የጎማ ቁራጭ ያለበትን፣ ሥራው ከበዛ ወዲህ እንደኛው ተቀምጣ ለምታየው አክስቴ አደረግሁት። ማሸጊያዎቹ መደርደሪያውን የሚያነሡት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለፉትን ለቅሜ፣ ፊታቸው ደርድሬ፣ አሁንስ ምን ትላላችሁ ልላቸው ነው ሐሳቤ። ስለ ሐሳቤ ብልኅነት ጠዋቱን ሙሉ በልቤ ስኮራ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ቀልደኛው አንደኛውን አገኘ። «ይሄ ምንድን ነው፣ ዓሣ ሊያረቡበት ነው?» ብሎ ቀይ ሳጥን ውስጥ ጣለው። ሌላዋ ልጅ ደግሞ ስድስተኛውን አገኘች። ከዚያ በኋላ ያገኘ የለም። ጀርባችን ለመደርደሪያው ነው፤ ዕረፍት ደግሞ የለም። ከመቀመጫዬ ልነሣ ባስብም ሰው ሁሉ አጎንብሶ ሲያይ እያየሁ አፈርኩ። አክስቴ ብትሆን ኖሮ ቆማ ትጠብቅ ነበር። እኔ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ማሸጊያዎቹ በዚያ ቀን የመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ መኪናው ተቻኩሎ። የጋሪውን ድምፅ ሰምቼ ስዞር የላይኞቹ ሁለት ረድፎች ባዶ ሆነዋል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰው ወጥቶልኝ የቀረውን አንድ በአንድ መቀመጫውን ዳበስኩ። አንደኛውና ስድስተኛው ቀዩ ሳጥን ውስጥ አሉ። ሁለተኛው አለ። አምስተኛውን ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሦስተኛው ከአንዱ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሳይነካ ቀርቶ ነበር። አራተኛው የለም።

ማሸጊያው ክፍል ሮጥኩ። መኪናው ወጥቷል። ሦስት ሺህ ጠርሙስ፣ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ካርቶን ገብቶ፣ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት። በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

አክስቴን ቁምሳጥኑ ያለበት ጠባብ ክፍል ወስጄ በሩን ዘጋሁና ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም።

«ስንቱን አገኙ?»

«ሁለት።»

«እኔስ?»

«የሄደው ያንቺ ነው።»

ካርቶን ላይ ተቀመጠች። «አምስት ሰው አይቶ ሁለት ካገኘ...» አለችና አልጨረሰችውም። ስለ አንዱ ጠርሙስ እያሰበች አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን ከሦስት ሺህ በላይ አሳልፈናል።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይዛኝ ገብታ አንድ የፈተና ጠርሙስ ከጭነቱ ጋር ሄዷል አለችው። ፊቱ ነጣ። ሐኪም ቤቱ ይደወልለት፣ ጭነቱን እንዳይነኩት ይነገር አለችው። ራሱን ነቀነቀ። «ከደወልን ሦስት ሺውንም ያቆሙታል፣ ሌላ የላቸውም። እስከ ማታ ስንት ሰው እንደሚሞት ያውቃሉ? ለአንድ ጠርሙስ ብለው?» አላት። ከዚያ፣ ሊያሾፍባት ሳይሆን ከልቡ፣ «እትዬ፣ የማን ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?» አላት።

አክስቴ ወደ ፍተሻ ክፍል ተመልሳ ጋውኗን አወለቀች። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለቻቸው። «እስክመለስ ማንም ጠርሙስ እንዳያነሣ።» ይዛኝ ወጣች። በኋላ ቀልደኛው ራሱ እንደነገረኝ፣ ከበሩ እንደወጣን ተያይተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ደክሟት ነው ብለው አዘኑላት። ሰው እየጠበቀ እንዴት ይቆማል? በእሷ ቃል እሷን ራሷን አልታዘዙም።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ከጭነቱ አብዛኛው ገና ሳይከፈት በካርቶኑ እንዳለ አሳየን፤ እሱን ለኋላ ትተን ከተከፈቱት የተረፈውን ፈተሽን፣ የለም። የቀረው ሦስት ክፍሎች ውስጥ ተሰቅሏል። ከፋብሪካው ለቁጥጥር መጣን አልናቸው፤ ማንም ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም።

የተሰቀለ ጠርሙስ ተገልብጦ ነው የሚሰቀለው፤ መቀመጫው ወደ ላይ ነው። አክስቴ ከመጀመሪያው አልጋ ሥር ቆማ አንጋጠጠች። ዓይኗን አጠበበች፣ አሻሸች፣ እንደገና አንጋጠጠች። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ተናገረች። «አይታየኝም» አለች። «ወንበር አምጪና ያዥልኝ።»

በጣቷ ነው የፈለገችው። ወንበሩን ከአልጋ ወደ አልጋ እየጎተትኩ፣ እሷ እየወጣች አውራ ጣቷን ጠርሙሱ አናት ላይ እያስኬደች፣ እየወረደች። መጀመሪያው ክፍል ሠላሳ አንድ ጠርሙስ ነበር። አስታማሚዎች አፍጥጠው ያዩናል። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አሥራ አራተኛው አልጋ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተኝታለች፣ እናቷ አጠገቧ ሆና በካርቶን ቁራጭ ታራግብላታለች። አክስቴ ወጣች። ጣቷ ሄደና ቆመ። ተመልሶ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ ሲቆም ከታች አየሁት።

ጎንበስ ብላ የቱቦውን ማቆሚያ ጠምዝዛ ዘጋችው። ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ደርሶ ነበር።

«ለምን ዘጋሽባት?» አለች እናትየዋ። «ገና አሁን እኮ ነው ዓይኗን የገለጠችው!»

የክፍሉ ነርስ እየሮጠች መጣች። አክስቴ ከወንበሩ ሳትወርድ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማት «ይሄ ግሉኮስ አይደለም፣ የቆየ ውኃ ነው። አሁኑኑ ሐኪም ጥሪ» አለች። «አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

«ውኃ እንዴት ሊገባ ቻለ? ማን ቀላቀለው?» አለች ነርሷ።

የወንበሩን ጀርባ በሁለት እጄ ይዤ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩትም። አክስቴ ወደ እኔ አላየችም፣ ቢታያትም አታይም ነበር። «ቁልፉ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው» አለች።

እናትየዋ ቀሚሷን ያዘቻት። «እትዬ፣ ደህና ትሆናለች አይደል? በይ ንገሪኝ።»

«አላውቅም እህቴ» አለች አክስቴ። ውሸት ተናግራ አታውቅም፣ ያን ቀንም ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ግማሹን ነው የተወችው፣ የእኔን ግማሽ።

ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ሞተች። በበሽታው ይሁን በውኃው ሐኪሞቹ ሊለዩ አልቻሉም። አክስቴ ቃሏን ሰጠች፣ ጥፋተኛ ነኝ ብላ ፈረመች፣ ጡረታ ወጣች በሚል ወረቀት ከፋብሪካው ተሰናበተች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳናይ ያሳለፍነው ጠርሙስ የት የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።

የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ አሁን እኔ ነኝ። «ድካሙን አስቀድማ የተናገረችው እሷ ነበረች» ብሎ የመረጠኝ ሥራ አስኪያጁ ነው። ደወሉ ተመልሷል። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ አስቀምጬ የአንዱን ጠርሙስ ታሪክ እነግረዋለሁ፤ ስለ ካርቶን ቁራጩ፣ ስለ እናትየዋ፣ ወንበር ላይ ስለቆመችው ኃላፊ። ሥራ አስኪያጁ ይሄ ታሪክ ከመቶ ግድግዳ ጽሑፍ ይበልጣል ይላል። እውነቱን ነው፤ ሰምተው ሲጨርሱ እንዴት አድርገው እንደሚያዩ! አንዷ ልጅ «ግን ማን ነው የቀላቀለው?» አለችኝ ባለፈው። «አልታወቀም» አልኳት። ያለችግር ነው የወጣልኝ።

አክስቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ አልጋው ላይ የምትተኛው እሷ ናት። ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የምትለየው። ስለዚያ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም ነበር። ትናንት ራት እያቀረብኩላት ሳለ ከፋብሪካው ሰው መጥቶ እንደጠየቃት ነገረችኝ። «ስታስተምሪ ሰው እንደሚያለቅስ አጫወተኝ» አለች።

«ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው?»

«የሆነውን» አልኳት።

እጇን ዘርግታ ሳህኑን በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። «ከየት ጀምረሽ?» አለችኝ።